ቆሮቆንዳ የዋጠችው ሚሌቼንቶ

ኅዳር 7፣ 2001፣ እሑድ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለኬሚስትሪ ነበር። ኬሚስትሪ ይቅር ይበለኝ። እቤታችን የሚካሄደው ነገር ካልተጻፈ ግን ነገ ለሰው ባወራው የሚያምነኝ የለም።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን የተመለስነው በአባባ ሚሌቼንቶ ነው። ለማያውቃት፦ ፊያት 1100 ናት፤ ከጣሊያን አገር መጥታ በአሥመራ በኩል ጅማ የገባች፣ እኔንም እኅቴንም በዕድሜ የምትበልጥ። ቀለሟ በአባባ አነጋገር «ክሬም»፣ በእኔ አነጋገር የቆየ ቅቤ። ከሞተሯ ሆድ ወደ መሬት የሚወርድ አንድ ቧንቧ አላት፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው በሱ ነው። ስትሄድ ጭሱ ወደ ኋላ ይቀራል። ስትቆም ግን በወለሉ ቀዳዳ ሽቅብ ገብቶ እንደ አንድ ተሳፋሪ አጠገባችን ይቀመጣል። የበቾ ቦሬ ሰፈር ልጆች «ፍሊት» ይሏታል፤ እሷ ባለፈችበት ሰፈር ትንኝ አይገኝም። የአባባ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያላጨሰ መኪና የታመመ መኪና ነው።

ምሳ ላይ ነገር ተነሣ። እኅቴ ትንቢት ጥር 17 ታገባለች። እጮኛዋ ደምመላሽ ሰርቦ ከተማ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሰው ካልጠየቀው የማይናገር፣ ሲጠየቅም አስልቶ የሚመልስ። ቤተሰቦቹ ለሠርጉ አዲስ ነጭ መኪና እንከራይ ብለው ልከዋል። አባባ ጉርሻውን አየር ላይ ይዞ ቆመ።

«ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በኔ መኪና ነው።»

ትንቢት ተነሥታ ወጣች። አልፈርድባትም። አምና የአጎታችን ልጅ በዚችው መኪና ተድራ፣ ቬሎዋ አመድማ ሆኖ፣ እንባዋ እየወረደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወረደች። ሰዉ ሁሉ «እናቷ ናፍቃት ነው» እያለ ከንፈሩን መጠጠ። እናቷ አጠገቧ ቆማ ነበር።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ነገ ፈተና። አላጠናሁም። ትንቢትና አባባ አይነጋገሩም፤ በእኔ በኩል ነው የሚላላኩት። «አባትሽን ጨው አቀብለኝ በይው።» ጨዉ እኔ ፊት ነው ያለው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ መካኒኩ ሱሌይማን ጋራዥ። ትንቢት «ሄደሽ የሚሉትን ሰምተሽ ንገሪኝ» ብላ ስለላከችኝ ከአባባ ጋር ሄድኩ። ሱሌይማን ስለ ራሱ ሲያወራ ማንም ሞተር ሳያስነሣ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ከጅማ እስከ አጋሮ እሱ ያልከፈተው ሞተር የለም፤ መልሶ የገጠመው ስንቱን እንደሆነ አይናገርም።

እንደ ሱሌይማን አባባል፣ ፒስተኑ ሲመታ ጥቂት ጋዝ በጎን እየሾለከ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል፤ ከገባ መውጫ ይፈልጋል። ያኔ ጣሊያኖቹ ወደ መንገድ ለቀቁት፤ መንገድ የማንም አይደለማ። መፍትሔው ቧንቧውን ቆርጦ መድፈን፣ ከሞተሩ ክዳን የጎማ ቱቦ አውጥቶ ወደ ካርቡሬተሩ ሥር መውሰድ፣ መሐሉ ላይ ከአሮጌ ቶዮታ የተፈታች አንዲት ቫልቭ አስገብቶ የሚሳበውን መመጠን ነው። ንጹሕ አየር ማጣሪያ ባለው ክዳን ይገባል። ሞተሩ የራሱን ጭስ ራሱ ይስብና ያቃጥለዋል።

አባባ መነጽሩን አወለቀ። እኔ ቤት ያደረ ሞተር ያስወጣውን መልሶ አይውጥም አለ። ሱሌይማን ወላሂ ቶዮታ ሁሉ እንዲህ ነው አለው። አባባም፣ ቶዮታ ስለ አስተዳደግ ምን ያውቃል አለ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ (ክፍል ውስጥ)

የስፖርት አስተማሪው ስለቀረ በመንደራ ቆጪ በኩል አቋረጥኩ። አባባ በሱሌይማን ጋራዥ ደጅ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ሙሉ ልብስ፣ ክራባት፣ ቦርሳ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ሲያየኝ ተነሣ።

«ለስብሰባ ወጥቼ ነው» አለ።

«እኔም ለስፖርት ወጥቼ ነው» አልኩ።

ተስማማን።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤታቸው ስብሰባ በዝቷል። ቢፒአር የሚሉት ነገር መጥቶ ሠራተኛው ሁሉ እንደ አዲስ ይደለደላል፤ አባባ ስንት ዘመን የተቀመጠበት ወንበር ሳይቀር «ተጠንቷል»። መጀመሪያ ቋንቋው ጥሞት ነበር። እማዬን «የወጥ ቤቱ የሥራ ሂደት መሪ» ይላት ነበር፤ እኔ ዕቃ ሳጥብ «ባለድርሻ አካል» ነበርኩ። ሰሞኑን ትቶታል። ጾም ስለገባ ይሆናል።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ጭሱ ጠፋ። ተአምር ነው ከማለቴ በፊት ምክንያቱን ልጻፍ።

አባባ ትናንት ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ዋለ። ዛሬ ጠዋት ሲያስነሣት አንዲት ክር ጭስ አልወጣችም። ምሥጢሩን ለእኔ ብቻ አሳየኝ። እማዬ ለማገዶ ካስቀመጠችው የበቆሎ ቆሮቆንዳ ወፈር ያለውን መርጦ፣ በአሮጌ ካልሲ ጠቅልሎ፣ የቧንቧውን አፍ በመዶሻ ደፍኖታል።

«የቤት ገመና ከቤት አይወጣም» አለኝ ደረቱን ነፍቶ።

ካልሲው የኔ ነው።

ጋሽ ጥላሁን ሊያዩ መጡ። የእድራችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ ድሮ በሠራዊቱ ውስጥ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። ጎንበስ ብለው አይተው እኛም ግንባር ላይ እንዲሁ ነበር የምናደርገው አሉ። ጋሽ ጥላሁን ግንባር ላይ ያላደረጉት ነገር የለም፤ ከቀጠሉ ቢፒአርም እዚያ ነው የተጀመረው ማለታቸው አይቀርም። ትንቢት ግን ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ አባባን ፊት ለፊት አነጋገረችው። «እንዲህ ከሆነችማ በሷ እሄዳለሁ» አለች። አባባ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

እንዴት ብዬ ልጀምር።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ጋሽ ጥላሁን አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሰው ፊት ተቀመጡ። ዳገቱ መሐል ላይ ከሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ኮፈኑን ሲመታ ሰማን። አባባ ቆመ። ኮፈኑ ሲከፈት የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተስፈንጥሮ ባትሪው ላይ ተጋድሟል። ጋሽ ጥላሁን «ይህ ቀላል ነው» ብለው ጎንበስ አሉ። አባባ ሞተሩን አላጠፋም ነበር። ቀዳዳው ተፋ። ጋቢው አለቀ፤ ጢማቸው ከሸበተ ጀምሮ እንዲህ ጠቁሮ አይቼው አላውቅም። ዘይቱ በየመገጣጠሚያው፣ በየብሎኑ ሥር ይንጠባጠባል። ዘይት ያልወጣው በመሪዋ ብቻ ነው።

ገፍተን ሱሌይማን ጋ አደረስናት። ከሥሯ ገብቶ ሲወጣ ቆሮቆንዳውን ከነካልሲው በፒንሳ ይዞ ነበር። ለሰፈሩ ባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ ከፍ አድርጎ አሳያቸውና ወደ አባባ ዞረ።

«ጋሽ ተክሌ፣ እኔ ቆሮቆንዳ የማውቀው ለሌላ መጥረጊያ ነው።»

ሾፌሮቹ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ። አባባ ሱሌይማንን ሳይሆን እኔን አየኝ። ከዚያ ከኋላ ወንበር ቦርሳውን አንሥቶ በእግሩ ሄደ። ሳቄ አፌ ውስጥ ቀረ፤ የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

እሑድ ቀን ቦርሳ ምን ያደርግለታል?

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ፍቅር አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ ናት። እናቷ አባባ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው። በዕረፍት ሰዓት ሳንድዊቿን እየበላች፣ «አባትሽ ተንሳፋፊ ሆነው ቀሩ አይደል?» አለችኝ። በአዲሱ ድልድል ቦታ ያልተገኘለት ሰው ተንሳፋፊ ነው የሚባለው። ወንበርም ጠረጴዛም የለውም፤ እስኪጠሩት ይጠብቃል። አባባ ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ነው አለች።

«አባቴ ዋና አይችልም» አልኳት። በጣም ሳቀች። ጥሩ ቀልድ ነበር።

ቤት ስገባ አባባ ክራባቱን እየፈታ ዛሬ ስብሰባው አደከመኝ አለ። ጥፍሩ ሥር ግራሶ ነበር። እማዬ «እንኳን ደኅና መጣህ» ብላ ውኃ አቀረበችለት። ትንቢት ቀና አላለችም። ለማንም አልነገርኩም፤ ይህን ቤት ከዚህ ወሬ የምጠብቀው እኔ ብቻ ነኝ። ትልቅ ሰው መሆን እንዲህ ከሆነ አልወደድኩትም።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

አባባና ሱሌይማን በቆሮቆንዳው ነገር ተኳርፈው መኪናዋ ጋራዥ ቀርታ ነበር። ሠርጉ እየቀረበ ሲመጣ እማዬ ሽማግሌ ላከች፤ ጋሽ ጥላሁንና ሐጂ መሐሙድ። ሐጂ መሐሙድ የሰርቦ ቡና ነጋዴ፣ የሱሌይማን አጎት ናቸው። ዕርቁ የተደረገው ጋራዡ ውስጥ፣ በተከፈተው ኮፈን ዙሪያ ነው። እኔ ሻይ አመላላሽ ነበርኩ፤ ማለትም ሁሉንም ሰማሁ።

ጋሽ ጥላሁን ቀበሌ ስብሰባ ላይ የለመዱትን ይዘው ሽምግልናውን በግምገማ ከፈቱት። እያንዳንዱ ጠንካራና ደካማ ጎኑን ያቅርብ አሉ። ሱሌይማን ጠንካራ ጎኑን አቅርቦ እስኪጨርስ ሻይ ሁለት ጊዜ ታዘዘ። ደካማ ጎኑ ሰው ማመን ማብዛቱ ነው።

የአባባ ተራ ደረሰ።

«እኔ...» አለና ቆመ። «እኔ ከኅዳር ጀምሮ...»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ሐጂ መሐሙድ ድንገት ዘንድሮ ቡናው ዝናብ አገኘው ወይ ብለው ጋሽ ጥላሁንን ጠየቋቸው። የቡና ነጋዴው እሳቸው፣ የሚጠይቁት ሾፌር። አባባ ጉሮሮውን ጠረገ።

«...ከኅዳር ጀምሮ ትንሽ ቸኩያለሁ» ብሎ ጨረሰ። «ጥሩ ሂስ ነው» አሉ ጋሽ ጥላሁን፣ በጣም ቶሎ።

ከዚያ ሐጂ መሐሙድ ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብለው «ዋንቲ ኩን ማሊ?» አሉ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ሱሌይማን ቧንቧውንም ቱቦውንም አሳያቸው። ጺማቸውን ይዘው አሰቡና ፍርድ ሰጡ፦ የሱሌይማን ቱቦ ይግባ፤ የተክለጻድቅም ቧንቧ ሳይደፈን ይቆይ። አንዱ ቢያሸንፍ ሌላው ይከፋዋል።

ሱሌይማን አፉን ከፈተ። አጎቱን አየ። ዘጋው። ተመረቀ፣ አሚን ተባለ፣ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። በሽምግልና የተሠራ ሞተር ዓለም ላይ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሱሌይማን እዚያው ሥራ ጀመረ። ቫልቯ በየት በኩል እንደምትተነፍስ ለማወቅ በአፉ ነፋባት፤ ከንፈሩ ጥቁር ሆነ። ሽማግሌዎቹ ለስንብት ሲጠሩት ሄዶ ተመለሰና ቱቦውን አጠበቀ።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

መኪናዋ ከተማ ውስጥ ብዙም አታጨስም። ቆማ ስትጠብቅ ግን ብቻዋን ታጓራለች። ሱሌይማን እየለመደች ነው ይላል። አባባ ዛሬም «ስብሰባ» ዋለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብርኤል ከእሑድ ጋር በገጠመበት ቀን ስብሰባ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። 

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ትንቢት በነጩ መኪና ልሂድ አልሂድ ብላ ለመወሰን ሰርቦ ድረስ ሙከራ እናድርግ ተባለ። አባባ፣ እሷ፣ እኔ።

አስፋልቱን ጨርሰን ወደ ደምመላሽ ቤት በሚወስደው ጥርጊያ ስንገባ ከፊታችን እሸት ቡና የጫነ አይሱዙ ነበር። አቧራ ብቻ ነው የሚታየው። ያ ያልተደፈነው ቧንቧ ድሮ ጭስ የሚተፋው ለካ አሁን ይስባል፤ የጥርጊያውን አቧራ ጥርግ አድርጋ ጠጣችው። ጮኸች፣ ተንቀጠቀጠች፣ የደምመላሽ ቤት በር ላይ ስንደርስ ቀጥ አለች። አባባ የዘይት መለኪያውን ቢያወጣው ዘይቱ ቀይ ጭቃ ሆኗል።

የደምመላሽ እናት ደግ ሴት ናቸው፤ ክፋታቸው እሱ ነው። «አትጨነቁ፣ ነጩን መኪና ቀብድ ከፍለንበታል» አሉ።

ትንቢት አባባን ሳታይ «በነጩ እሄዳለሁ» አለች።

መኪናዋን እዚያው ትተን በሚኒባስ ተመለስን። አባባ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። አንገቱ ሸሚዙ ውስጥ ቀጥኖ ይዋልላል። ጾም እኮ ከተፈታ ቀናት ሆኑት።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ሱሌይማን ትናንት መኪናዋን ጎትቶ አምጥቷታል። ዛሬ ትምህርት ቤት ልሄድ ወጥቼ ጋራዥ ሄድኩ። አልተደበቅሁም። አባባ ጎማው ላይ ነበር፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ስብሰባ ነው?» አልኩት።

ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስተካከለ። «ስብሰባ ነው» አለ።

«እኔም አባል ነኝ።»

ቦርሳውን ከፈተው። ውስጡ ሁለት መፍቻ፣ ጨርቅና በላስቲክ የተጠቀለለ ዳቦ ነው። ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ትልቁን ሰጠኝ። ስንጨርስ ኮቱን አውልቆ አስያዘኝና ከሱሌይማን ዕቃ መሐል የብረት መጋዝ አነሣ።

ሱሌይማን ተደናገጠ። የሽማግሌ ቃል በሽማግሌ ነው የሚፈታው ብሎ ለጋሽ ጥላሁን ደወለ። ጋሽ ጥላሁንም ስብሰባ ለእሑድ ሊጠራ እንደሚችል፣ ምልዓተ ጉባኤ እንደሚያስፈልግ ነገሩት። ከመኪናዋ ሥር የመጋዙ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ሱሌይማን» አለ አባባ ከታች። «ይዋጠው። ያስወጣውን ይዋጥ።»

ቧንቧው ተቆርጦ ተደፈነ፣ ማጣሪያ ያለው ክዳን ገባ፣ ጭቃው ዘይት ተቀየረ። ሱሌይማን ቱቦውን ሲፈታ ግን ፊቱ ተለዋወጠ፤ መሐሉ ላይ ምንም የለም። ኪሱን ዳበሰ። ቫልቯ ከዕርቁ ቀን ጀምሮ ቱታው ኪስ ውስጥ ነበረች፤ መኪናዋ አቧራውን ሁሉ የሳበችው ለካ መጣኝ አጥታ ነው።

«እንዳትጠፋ ብዬ ነው» አለ።

አባባ ሳቀ። ከኅዳር ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው። ቫልቯ ቦታዋን ይዛ ሞተሩ ሲነሣ አላጓራም፣ አላጨሰም፤ እንደ ጠገበ ድመት ነው የሆነው።

ጥር 10፣ ከተራ

ጋሽ ጥላሁን ለእድሩ ሁሉ «በውሳኔያችን መሠረት ቧንቧው ተቆርጧል» እያሉ ነው። ሱሌይማንም ይስማማል።

አባባ ትንቢትን ጠርቶ በነጩ መሄድ ከፈለግሽ አልቀየምም አላት። ልጄ ከቤቴ ምናምን አላለም። እሷ ነጭ ነጠላዋን ይዛ ወጣች፣ ነጠላውን የኋላው ወለል ቀዳዳ ላይ ዘርግታ፣ መስኮቱን ሁሉ ዘግታ፣ ሞተሩ እየሠራ ቁጭ አለች። አባባ ግቢውን ይዞራል። እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። ወጣች። ነጠላውን በፀሐይ አየችው፣ አሸተተችው።

«ነጩ ለሚዜዎቹ ይሁን» አለች።

ጥር 17፣ እሑድ

እግሬ አብጧል፣ ድምፄ ጠፍቷል፣ ግን ይህን ሳልጽፍ አልተኛም።

የሙሽራ አባት ሙሽራ ሲሸኝ እቤቱ ይቀራል። ጋሽ ጥላሁን ወግ ነው ብለው ለመኑት። አባባ ፍሬኗን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ መሪውን ያዘ። እኔ ፊት፣ ትንቢትና ደምመላሽ ከኋላ። በሰርቦ መንገድ ዳገቱ ላይ አንድ የቡና መኪና ተበላሽቶ ሰልፉ ቆመ። ድሮ ጭሱ የሚገባው እንዲህ ስንቆም ነው። ማንም ሳያዝዘን ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ቆየን። ምንም የለም። የትንቢት ሽቶ ብቻ።

አባባ በመስታወቱ ወደ ኋላ አያት።

«ትንቢት፣ እኔ ከኅዳር ጀምሮ ሥራ የለኝም። ተንሳፋፊ ነኝ። አሁን ካልነገርኩሽ...»

«እናውቃለን፣ አባባ።»

«እናትሽስ?»

«ከሁላችን በፊት።»

አባባ አሰበ። «ጥላሁንም? ሐጂ መሐሙድም?»

ደምመላሽ ጉሮሮውን ጠረገ። በዚህ ሁሉ ወር ሳይጠየቅ ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

«ሰርቦም ያውቃል፣ አባባ።»

አባባ መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ሳቀ፤ ግንባሩ ጥሩንባውን ተጫነው። ከኋላ ያሉት ሆታ የተጀመረ መስሏቸው ሁሉም ጥሩንባቸውን ለቀቁት። ዳገቱ ሙሉ ጮኸ። ትንቢት እየሳቀች አለቀሰች፤ ዘንድሮ ማንም ጭሱ ነው አይልም።

እኔ ግን ተናድጃለሁ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ብቻዬን ምሥጢር ተሸክሜ የቀጠንኩት ለማን ብዬ ነው?

ጥር 18፣ ሰኞ

አባባ ጠዋት ተነሥቶ ኮት ለበሰ። ክራባቱ ምስማሩ ላይ ቀረ። እማዬ ዳቦውን በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችው፤ እጇ ለምዶታል። ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ በሩን ገፋ አደረገና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሱሌይማን ጋራዥ ነኝ» አለን።

«ካልሲዬን ይዘህ ና» አልኩት።